አፉ የተዘጋበት ፎቶ

ጋስፓሬ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ኖሮ ማክሰኞ ጠዋት ዝም አለ። እህቱ ክሮቺፊሳ መሞቱን ያመነችው ሐኪሙ ሲነግራት አይደለም። ሐኪሙ አጠገቡ ቆሞ ዕድሜውን አሳንሶ ሲጽፍ፣ ጋስፓሬ እዚያው ተኝቶ ሳያርመው ሲቀር ነው ያመነችው።

በሲሲሊዋ መንደር በሮካሞራ ሰው ሲሞት ፎቶውና ስሙ ያለበት ባለ ጥቁር ጠርዝ ማስታወቂያ ታትሞ በየግድግዳው ይለጠፋል። አታሚው ፎቶ ላኪልኝ ሲላት ክሮቺፊሳ መሳቢያዎቹን ሁሉ ገለበጠች። በአጎታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ጋስፓሬ አፉን ከፍቷል። በቅዱስ ዮሴፍ በዓል አፉን ከፍቷል። በእናታቸው ቀብር ቀን እንኳ ወደ ጎን ዞሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ለመቃብር ቆፋሪው አንድ ነገር እያስረዳ ነበር።

"ሰው እንዴት አንዴ እንኳ ለፎቶ ብሎ አፉን አይገጥምም?" አለች፣ አስከሬኑ የተኛበትን ክፍል በጎን ገልመጥ አድርጋ።

አፉ የተዘጋበት ፎቶ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በቪቶ ቡና ቤት ከባንኮኒው ጀርባ የተሰቀለው ነው። ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ያንን ላከች።

የፎቶው ነገር እንዲህ ነው። ጋስፓሬ ገና ጎልማሳ ሳለ የፊልም ሰዎች ከሮም መጡ። የሚፈልጉት የጥንት የማፊያ መንደር ነበር። ሮካሞራ ግን ያኔ በሮቿን አረንጓዴ ቀብታ፣ ደጃፎቿ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ደርድራ፣ ዘምና ጠበቀቻቸው። ወንበሮቹን ሰበሰቡ፣ በሮቹን በጭቃ ለቀለቁ፣ መንገዱ ላይ ገለባ በተኑ። አህያም አስፈለጋቸው፤ በመንደሩ አህያ ስላልነበረ ከሌላ አገር በመኪና አስመጡ። ከዚያ ጋስፓሬን አዩት። ጥቁር ሰደርያ አለበሱት፣ ባርኔጣ ደፉለት፣ ጠመንጃ ጭኑ ላይ አጋድመው ከፀጉር አስተካካዩ በር ላይ አስቀመጡት። ሥራው ዋናው ተዋናይ ሲያልፍ ቀስ ብሎ አንገቱን ማዞር ብቻ ነበር።

ጋስፓሬ የሎሚ አትክልቶቹ የውሃ አባት ነው። ከላይ ከትልቁ የድንጋይ ገንዳ ውሃውን በተራ እየከፈተ ለየአትክልቱ የሚያደላድል እሱ ነበር። ያን ሰሞን በውሃ ተራ ነገር ሲጮህ ሰንብቶ ድምፁ ሹክሹክታ እንኳ እስከማያወጣ ድረስ ተዘግቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ለሠራተኞቹ፣ "ይህን ዝምታ ተመልከቱ። ይሄ በትምህርት አይገኝም። በደም ነው የሚወረስ" አላቸው። ጋስፓሬ ሊያስረዳው አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ዳይሬክተሩ በዚህም ይበልጥ ተደነቀ።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ ቱሪስቶች ካሜራቸውን አንጠልጥለው ይመጡ ጀመር። "ዶኑ የት ነው?" ይላሉ፤ የማፊያውን አለቃ ማለታቸው ነው። ጋስፓሬም ሰደርያውን ለብሶ ይቀመጥላቸዋል፤ ደስ ይለው ነበር፣ አይካድም። ችግሩ ድምፁ ተመልሶ መምጣቱ ነው። አንድ ፎቶ ሳያነሱት የነሐሴን የውሃ ተራ ከላይኛው ቦይ ጀምሮ ያስረዳቸዋል። የደነገጡ ሰዎች ፊት ሳይሆን የሰለቻቸው ሰዎች ፊት ይዘው ይሄዱ ነበር። ቪቶ እየለመነው፣ "ጋስፓሬ፣ በእመቤታችን፣ ሂሳባቸውን እስኪከፍሉ ዝም በል" ይለዋል።

እንግዲህ ማክሰኞ ከቀትር በፊት ያ ፊት በየግድግዳው ተለጠፈ። ባርኔጣ፣ ሰደርያ፣ ክፉ ዝምታ። አታሚው ጠመንጃውን ቆርጦ ሊያወጣው ሞክሮ ነበር፤ ጫፉ ግን በክንዱ ሥር ብቅ ብላ ቀርታለች። ከሥሩ "ዶን ጋስፓሬ" የሚል ተጽፏል። ሮካሞራ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ ወንድ ሁሉ ዶን ነው፤ ቀንድ አውጣ ለቅሞ የሚሸጠው ሳይቀር። ይህን ግን አዲሱ የፖሊስ ጣቢያ አዛዥ አያውቅም።

አዛዡ ሎካቴሊ ይባላል። ከሰሜን፣ ከቤርጋሞ ተዛውሮ የመጣ፣ ቀላ ያለ፣ ረጅም፣ ጨዋ ሰው ነው። ከመጣ ወር አልሞላውም። ማስታወቂያው ከጣቢያው ፊት ለፊት ተለጥፎ ስላገኘው ቆሞ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ሕጉን ያውቃል፦ የማፊያ አለቃ ሲሞት ሰልፍና ሙዚቃ ያለው ቀብር አይፈቀድም። በጎህ፣ ከቅርብ ዘመድ ጋር ብቻ፣ በጸጥታ ይቀበራል። ስለዚህ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ ክሮቺፊሳ ቤት መጣ።

ክሮቺፊሳ ወጥ ቤት ተቀምጣ ነበር። ጎረቤቷ ፊና የዶሮ ሾርባ በድስት ይዛ አጠገቧ ቆማለች። በሐዘን ቤት እሳት አይነድም፤ የሚበላውን የሚያመጡት ጎረቤቶች ናቸው።

"ያጽናዎት፣ እመቤቴ" አለ ሎካቴሊ። "ወንድምዎ ሥራቸው ምን ነበር?"

ክሮቺፊሳ ኮፍያውን አየች። ቀበቶውን አየች። ያን ጊዜ አፏ እሷን ሳያማክር፣ እናቷና አያቷ ኮፍያ ለደፋና ቀበቶ ለታጠቀ ሰው ሲመልሱት የኖሩትን መለሰ።

"እኔ የማውቀው ነገር የለም።"

"እህታቸው አይደሉም?"

"ነኝ መሰለኝ።"

"አብራችሁ ነበር የምትኖሩት?"

"እኔ የምተኛው በዚያ በኩል ነው።"

አዛዡ ወደ ፊና ዞረ። ፊና ከጋስፓሬ ጋር አንድ ግድግዳ ተካፍላ ያረጀች ሴት ናት።

"እርስዎስ፣ ሟቹን ያውቋቸው ነበር?"

"ማንን?"

"የሞቱትን ሰውዬ።"

"ሰው ሞተ እንዴ?" አለች ፊና፣ ሾርባውን እንደያዘች።

ሎካቴሊ ወደ መንገድ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ሥራው ከመስተዋት ጋር እንደሆነና ዞር ብሎ መንገድ አይቶ እንደማያውቅ ነገረው። ቪቶ ለመንደሩ አዲስ ነኝ አለው፤ የተወለደው እዚያው ከቡና ቤቱ በላይ ነው። ሎካቴሊ የሰማው መልስ ሁሉ ትምህርት ቤት ሳለ ስለ ሲሲሊ ካነበበው ጋር አንድ ሆነበት። ቀትር ላይ ተመልሶ ከደጃፉ ቆመ።

"እመቤቴ፣ አዝናለሁ። ማታ ለከተማ ሪፖርት መላክ አለብኝ። ባለው ሁኔታ ቀብሩ ነገ በጎህ ይሆናል። ያለ ሰልፍ፣ ያለ ሙዚቃ፣ እርስዎና ካህኑ ብቻ።" ኮፍያውን በእጁ አዞረው። "አንድ ሰው እንኳ አንድ ነገር ቢነግረኝ ሌላ ነበር።"

ሲሄድ ክሮቺፊሳ አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል ተመለከተች። ጋስፓሬ ቀብሩን በቁሙ ያሰናዳ ሰው ነበር። የመንደሩ ባንድ ሬሳውን አጅቦ በሎሚዎቹ መሐል ሽቅብ ወጥቶ በትልቁ ገንዳ ዙሪያ ይዞራል፤ ዜማው የሐዘን ሳይሆን የበዓል ነው። መለከት ነፊው ዳገቱ ላይ የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሳይቀር ተከራክሮ ተስማምቷል። ይህን ሁሉ በየራቱ ይነግራት ነበር። እሷም በየራቱ፣ "እሺ አልኩህ፣ ይሁን፣ ብቻ አሁን ብላ" ትለው ነበር። እሺ ያለችው ለእሱ ነው፤ አሁን ይህ ቃል በእሷ ላይ ቀረ።

ወደ ፊና ዞረች። "ሰው ሞተ እንዴ ትያለሽ? ሾርባውን ታዲያ ለማን አመጣሽው?"

"አንቺስ? 'ነኝ መሰለኝ' ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"አፌ ነው።"

"የኔም አፌ ነው።"

ከዚያ ፊና በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ክሮቺፊሳም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። "ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ሌሎች ስለማይናገሩ እንደ ሌባ በጎህ ሊቀበርብኝ ነው" አለችና ነጠላ ሻሏን አንስታ ተነሳች። "ጣቢያው እሄዳለሁ።"

ፊና በሩ ላይ ተገተረች። "ሬሳው ቤት ውስጥ ሳለ እህት ደጃፍ ትሻገራለች? ምን ነክቶሻል?"

እውነቷን ነው፤ አትሻገርም። ክሮቺፊሳ ተመልሳ ተቀመጠች። የዶሮውን ሾርባ እያየች ቆየችና፣ "እንግዲያው እሱ ይምጣ" አለች። "ሄደሽ ንገሪው። ፖሊስ ሆኖ ሳይሆን ለቅሶ ደራሽ ሆኖ ይምጣ በይው። ኮፍያውን ይተው፣ ቀበቶውን ይተው። ባዶ እጁንም እንዳይመጣ፤ የሚበላ ነገር ይዞ ይምጣ።"

"እኔ ነኝ ለፖሊስ የምነግር?"

"'ሰው ሞቷል' ብለሽ ጀምሪለት።"

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ በሰውና በምግብ ሞላ። ፀጉር አስተካካዩ የባቄላ ሾርባ ይዞ መጣ። ቪቶ ከሁሉ የሚበልጠውን ትሪ፣ በሰርዲን የተሠራ ፓስታ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። በስተመጨረሻ ሎካቴሊ እናቱ የሠራችለትን ሹራብ ለብሶ፣ ድስት ተሸክሞ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ። ወሬው ቀጥ አለ።

ፊና ክዳኑን አነሳች። "ምንድነው ይሄ?"

"የበቆሎ ገንፎ ነው። በእኛ አገር ይበላል።"

"በእኛም አገር ይበላል" አለች ፊና። "ዶሮዎች ይበሉታል።"

"ታዲያ ዶሮዎቻችሁ ደህና ናቸው?"

ፊና ሾርባዋን አየች። "ይቺ ደህና ነበረች።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ሊያፍን ከንፈሩን ነከሰ። ክሮቺፊሳ ሰውዬውን ከአጠገቧ አስቀምጣ ከሁሉም ምግብ በሳህኑ ቆለለችለት። "ዛሬ እዚህ ቤት የሚጠየቅ የለም፣ ልጄ። የሚበላና የሚሰማ ብቻ ነው" አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለቤቱ ሁሉ ተናገረች፣ "ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና ለፍላፊ ነበር።"

ሮካሞራ ለፖሊስ አይናገርም። ጋስፓሬን ግን ሌላ ሰው ሲያማው ዝም ብሎ መስማት የሚችል አንድም ሰው በመንደሩ አልነበረም።

"ለፍላፊ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ምላጭ ጉሮሮው ላይ እያለ ያወራል። አገጩ ላይ ያለችው ጠባሳ የኔ ሥራ አይደለችም፤ የገዛ ወሬው ናት።"

"እኔ ግድግዳው ቀጭን ሆኖብኝ የገዛ ባሌን ንግግር ሳልሰማው ነው የሞተው" አለች ፊና። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ግን የጋስፓሬ አፍ ባይኖር እኛም አንኖርም ነበር።" የምትነግረው ለክሮቺፊሳ ነው እንጂ ለአዛዡ አይደለም፤ ወደሱ ዞር እንኳ አላለችም። "ታስታውሻለሽ፣ አባቴ በሞተ ዓመት። እናቴ ያንን አትክልት ይዛ ቀረች። አንዳንድ ሰዎች አትክልቱን በርካሽ ሊገዙት ፈለጉ፤ እምቢ አለች። ያኔ ጋስፓሬን ጠርተው፣ 'የመበለቲቱን ተራ እርሳው' አሉት። በነሐሴ። ሎሚ በነሐሴ ውሃ ከተረሳ ምን ይሆናል?"

"ማገዶ" አለ አንዱ።

"ማገዶ። ጋስፓሬ ምን አደረገ? ጠዋት አትክልተኛው ሁሉ ለተራ ሲሰበሰብ ገንዳው አፋፍ ላይ ወጣና ጮኸ። 'እገሌና እገሌ የመበለቲቱን ውሃ እርሳ ብለውኛል። እኔ ደግሞ የተነገረኝን አልረሳም። እንግዲህ ውሃዋን ለማን ልስጠው? የሚፈልግ እጁን ያውጣ' አለ። ማን እጁን ያወጣል? ሁሉም ጫማውን አየ። እሱም የእናቴን ቦይ ከፈተ። በማግሥቱም ወጥቶ ጮኸ። ከዚያም በማግሥቱ። በጆሮ የሚሾከሾክ ነገር ሕዝብ መሐል ሲጮህ እንዴት ይደረጋል? አፈሩና ተዉት። እሱ ግን እነሱ ከተዉት በኋላም ሳምንት ሙሉ ሲጮህ ድምፁ ጨርሶ ተዘጋ።"

"የፊልም ሰዎቹ የመጡት ያኔ ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሎካቴሊ መብላቱን አቆመ። "በፎቶው ላይ ያለው ዝምታ..."

"ጉሮሮ ነው" አለች ክሮቺፊሳ። "ማር በሎሚ እየሰጠሁት ነበር።"

ሁሉም ሳቀ። አዛዡም ሳቀ። ከዚያ ያልተፈለገውን ጠየቀ፤ ሊጠይቅ አስቦ አልነበረም፣ አመለጠው እንጂ። "እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ?"

የማንኪያው ድምፅ ጠፋ። ፊና የጨው ዕቃውን ወዲህ ሳበች፣ ወዲያ ገፋች። ፀጉር አስተካካዩ መስተዋት የፈለገ ይመስል ግድግዳውን ያይ ጀመር። ክሮቺፊሳ ታውቀዋለች ይህንን ዝምታ፤ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያደገችው። ስም ካልተጠራ ወሬው ሁሉ ተረት ይሆናል። አዛዡም ተረት ይዞ ለከተማ መጻፍ አይችልም፤ ነገ በጎህ ካህኑና እሷ ብቻ ይቆማሉ።

የእውነተኛው አለቃ ስም በዚህ ቤት ከአባቷ ዘመን ወዲህ አልተጠራም። በፊልሙ ውስጥ የነበረውን አለቃ ስም በየቀኑ ይጠሩታል፤ ይህንን ግን አይጠሩም። ሰውዬው ትንሽ፣ መላጣ፣ በበጋም የሱፍ ሻርፕ የማይለየው፣ ሳል ያለበት ሰው ነበር። በበቅሎ ሆኖ በአትክልቱ ግንብ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል። አያቷ ሁልጊዜ የምትለው ነበር፦ መጀመሪያ የመጣው ጠባቂው ነው፣ ሌባው የመጣው ኋላ ነው። ሎሚው በመርከብ ተጭኖ ባሕር ማዶ ይሸጥ ስለነበር አንድ አትክልት ከአንድ መንደር ይበልጥ ነበር፤ ውሃና ግንብ ባለበት ሁሉ "ልጠብቅልህ" የሚል ሰው በቀለ። ሰውዬው አንድ ቀን አባቷን፣ "ሎሚህ ያምራል። ሌሊት ብቻውን ማደሩ ያሳዝናል እንጂ" አለው። አባቷ፣ "ሎሚ ብቻውን አይፈራም" ብሎ መለሰ። ጥሩ መልስ ነበር፤ መንደሩ እስከዛሬ ያደንቀዋል። በሳምንቱ ዛፎቹ ከጉልበታቸው ላይ በመጋዝ ተቆርጠው አደሩ። አባቷ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ የሰው ሎሚ ለቃሚ ሆነ። ፊልሙ ላይ ያሉት ሰዎች ስለ ክብርና ስለ ቤተሰብ ይናገራሉ፣ ድምፃቸውም ያምራል። ሰውዬው ግን ስለ ሎሚ ብቻ ነበር የሚናገረው።

"ዶን ሳሮ" አለች ክሮቺፊሳ። "አባቴን ያደኸየው ዶን ሳሮ ነው። የመበለቲቱን ውሃ እርሳ ያሉት የሱ ልጆች ናቸው።"

ማንም ወደ ቪቶ አላየም፤ ሁሉም ላለማየት ሲታገል ግን ያው ማየት ሆነ። ቪቶ ሹካውን በሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ አጋደመ።

"አያቴ ነው" አለ ለአዛዡ። "እሷ ልጆቹ ያለቻቸው አባቴና አጎቴ ናቸው።" አፉን በጨርቅ ጠረገ። "ቡና ቤቱን ስከፍት የአያቴን ፎቶ ነበር የሰቀልኩት። አስቤው ነበር፤ የሚመጡት ማፊያ ሊያዩ አይደል፣ እውነተኛው ይኸውላችሁ ብዬ። አንድ ሰው ዞር ብሎ አላየውም። አንዲት ሴትዮ ብቻ፣ 'ይሄ ማነው፣ ፋርማሲስት ነው?' አለችኝ። አወረድኩትና የጋስፓሬን ሰቀልኩ።"

ፊና ሻሏን አፏ ውስጥ ወተፈች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ጋስፓሬ ያውቅ ነበር፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ" አለ ቪቶ። "አንድ ቀን ሰክሬ ነገሩን ላነሳለት ስል፣ 'አንተ ያኔ ሱሪህን መታጠቅ አታውቅም ነበር፤ አሁን ሰርዲንህን ጥበስ' አለኝ። ከዚያ ስለ ቦዩ ጥገና እስኪመሽ አወራኝ።"

"ይህንን ሪፖርቱ ላይ ልጻፈው?" አለ ሎካቴሊ ዝግ ብሎ።

"እኔ የማውቀው ነገር የለም" አለ ቪቶ ወዲያው። የራሱን ድምፅ ሰማና ደነገጠ። ክሮቺፊሳን አያት። እሷ ሳህኑን አንስታ ፓስታ እየጨመረችለት ነበር። "ጻፈው" አለ። "ስሜን ግን አስተካክለህ ጻፍ። እናንተ ሰሜኖች ታበላሹታላችሁ።"

ቀብሩ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ማለዳ ላይ በየግድግዳው አዲስ ማስታወቂያ ከአሮጌው በላይ ተለጠፈ፤ ከእናታቸው ቀብር ፎቶ ተቆርጦ የወጣ፣ አፉ የተከፈተ፣ እጁ የተዘረጋ ጋስፓሬ። ሕዝቡ እየቆመ፣ "አሁን ገና እሱን መሰለ" ይላል። ሰደርያውን ክሮቺፊሳ ለቪቶ ሰጠችው። ባንኮኒው ጀርባ ስቀለው አለችው፤ ሰደርያ አይለፈልፍም።

ባንዱ ዳገቱን ወጣ። መለከት ነፊው በተስማሙበት ቦታ ትንፋሽ ወሰደ። ገንዳው ጋ ሲደርሱ ፊና የእናቷን ቦይ መዝጊያ ከፈተች፤ ውሃው በሎሚዎቹ ሥር እየተንፎለፎለ ወረደ። ክሮቺፊሳ ከሬሳ ሣጥኑ ኋላ ነበረች። መንገዱ ዳር ሁለት ቱሪስቶች ካሜራቸውን ይዘው ቆመዋል። አንደኛው ኮፍያውን በብብቱ ይዞ ወደሚሄደው ሎካቴሊ ጠጋ ብሎ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ "ዶኑ ነው?" አለው።

ሎካቴሊ ሰውዬውን አየ፣ ሣጥኑን አየ። "እኔ የማውቀው ነገር የለም" አለ።

ክሮቺፊሳ ሰምታለች። እጇን ሣጥኑ ላይ አሳረፈችና ጎንበስ አለች። "ሰማኸው? ከመጣ ገና ወር ሳይሞላው" አለችው። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ ቆየች፤ የሚያርመው ነገር ካለ ብላ።